ዓመታቸው በአራት ቀን የሚያልቅ ዓለማት

በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀና ብለን ብንመለከት ከአናታችን ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ አራት ከዋክብት የሠሩት ሰፊ አራት ማዕዘን ይታየናል። የሥነ ፈለክ ሰዎች የፔጋሰስ አራት ማዕዘን ይሉታል። ከምዕራባዊው ጎኑ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የከተማ መብራት በማይደርስበት ስፍራ ብቻ በዓይን የሚለይ አንድ ደብዛዛ ኮከብ አለ። ስሙ 51 ፔጋሲ ነው። ከእኛ የሚርቀው 50 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን በመጠኑም ሆነ በቀለሙ ፀሐያችንን ይመስላል።

ይህን ኮከብ አንዲት ፕላኔት ትዞረዋለች። ቁስ አካሏ የጁፒተርን ግማሽ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ያህል ሲወስድባት፣ ይህች ፕላኔት ዙሯን የምትጨርሰው በ4 ቀን ከ5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰኞ ንጋት ላይ የተጀመረው ዓመቷ ዓርብ እኩለ ቀን ሳይሆን ያልቃል ማለት ነው።

እንዲህ ያሉት ግዙፍና ጋዛማ፣ ለኮከባቸውም እጅግ የቀረቡ ፕላኔቶች «ሞቃት ጁፒተሮች» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። ስያሜው በእኛ አስተያየት ከሚገባው በላይ የለዘበ ነው። ሞቃት የምንለው የቆላን አየር ወይም ለሻይ የተጣደን ውኃ ነው፤ በእነዚህ ዓለማት በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ሙቀት ግን ብረትን እንኳ ወደ ተን የሚለውጥ ነው።

ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ እስካሁን ከ6000 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ሞቃት ጁፒተሮች ጥቂቶች ናቸው። ስለ እነርሱ ለመጻፍ ያነሣሣን እንግዳ ጠባያቸው ብቻ አይደለም። በዘመኑ ከታወቁት ዘዴዎች አንጻር ለመገኘት ከሁሉም የቀለሉ ፕላኔቶች እነርሱ ሆነው ሳለ እስከ 1995 ድረስ አንዲቱም አለመታወቋ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት እንደሚዘገይ የሚያሳይ ታሪክ ስለሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ማንም ያልጠበቃት ፕላኔት

ለብዙ ዘመን ስለ ፕላኔቶች አፈጣጠር ሲሰጥ የነበረው ትምህርት የተመሠረተው በአንድ ምሳሌ ብቻ ነበር፤ እርሱም የእኛው ሥርዓተ ፀሐይ ነው። ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አዲስ የተወለደ ኮከብ ዙሪያውን በጋዝና በአቧራ ምጣድ ይከበባል። ለኮከቡ በቀረበው ክፍል ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ ከተን ወደ ጠጣር ሊለወጡ የሚችሉት ብረትና ድንጋይ ነክ ማዕድናት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በመጠን ጥቂት ናቸው። ራቅ ባለው ክፍል፣ «የበረዶ መስመር» ከሚባለው ወሰን ወዲያ፣ ውኃም ወደ በረዶ ስለሚለወጥ ለግንባታ የሚውለው ጠጣር ቁስ ይበዛል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ትልልቅ አስኳሎች ይፈጠራሉ፤ በስበታቸውም በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጂንና ሂሊየም ስበው ጁፒተርን የመሰሉ ግዙፋን ይሆናሉ። እነ ሜርኩሪ ትንንሽና ድንጋያማ፣ እነ ጁፒተር ግዙፍና ጋዛማ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ማብራሪያው መልካም ነው፤ ዛሬም በመሠረቱ አልተሻረም። ችግሩ ከእርሱ የተወሰደው መደምደሚያ ላይ ነበር። ግዙፍ ፕላኔት ከኮከቡ ርቆ የሚፈጠር ከሆነ፣ ግዙፍ ፕላኔት የሚፈልግ ሰው ርቆ መፈለግ፣ አንድ ዙር እስኪሞላም አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት መታገሥ አለበት ተባለ። የተፈጠሩበት ቦታና ዛሬ የሚገኙበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። ትውልደ ሩሲያዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኦቶ ስትሩቭ በ1952 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ለኮከቡ እጅግ ቀርቦ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ የማይዞርበት ምክንያት እንደማይታያቸው ገልጸው፣ እንዲህ ያለውን ፕላኔት በኮከቡ ፍጥነት መለዋወጥ ወይም በግርዶሽ ማግኘት እንደሚቻል አመልክተዋል። ኋላ ድል ያስገኙት ሁለቱም ዘዴዎች በዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ነበሩ። ሐሳቡን ተከትሎ የተነሣ ሰው ግን ለአርባ ዓመታት አልተገኘም።

ከሁለቱ ዘዴዎች የመጀመሪያውን እንመልከት። አንድ አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክር፣ ልጁ ሰፊ ክብ ሲሠራ አባትየውም ወደ ኋላ እየተሳበ በቆመበት ትንሽ ክብ ይሠራል። ኮከብና ፕላኔትም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ይዞራሉ። ፕላኔቷን ማየት ባንችልም ኮከቡ አንድ ጊዜ ወደ እኛ፣ አንድ ጊዜ ከእኛ ወዲያ ሲወዛወዝ ብርሃኑ ይመሰክራል። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ አልፎን ሲሄድ ደግሞ እንደሚወፍር ሁሉ፣ ወደ እኛ የሚመጣ ኮከብ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል፤ የሚርቀውም ይረዝማል። ይህ በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው የዶፕለር ክስተት ነው።

መርሁ ቀላል ሲሆን ልኬቱ ግን እጅግ ረቂቅ ነው። ጁፒተር ፀሐይን የምታወዛውዛት በሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ይህ ከተማ ውስጥ ከሚሄድ መኪና ፍጥነት አይበልጥም። የ51 ፔጋሲ ፕላኔት ቀረቤታዋ ስለሚያግዛት ኮከቧን በሴኮንድ 56 ሜትር ገደማ ታወዛውዘዋለች። ይህም ቢሆን የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት የሚለውጠው ከ10 ሚሊዮን 2 እጅ ያህል ብቻ ነው።

በካናዳ ብሩስ ካምቤልና ጎርደን ዎከር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይህን የመሰለ ልኬት ማካሄድ ችለው ነበር። የኮከቡን ብርሃን መርዛማና ቆርቋሪ በሆነው በሃይድሮጂን ፍሎራይድ ጋዝ ውስጥ በማሳለፍ፣ ጋዙ የሚያሳርፈውን ምልክት እንደ ማስመሪያ ይጠቀሙበት ነበር። 21 ከዋክብትን ለ12 ዓመታት ከተከታተሉ በኋላ በ1995 ክረምት ያሳተሙት ውጤት ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት አላገኘንም የሚል ነበር። በእነርሱ መፍረድ አይገባም፤ ዛሬ እንደምናውቀው ፀሐይን ከሚመስሉ መቶ ከዋክብት መካከል ሞቃት ጁፒተር ያለው ቢበዛ አንዱ ነው። በ21 ኮከብ ውስጥ አንዷን የማግኘት ዕድላቸው ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚያው ጊዜ በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪ የሆኑት ሚሼል ማዮርና የዶክትሬት ተማሪያቸው ዲዲዬ ኬሎ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው በኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀምረው ነበር። ኤሎዲ የተባለ አዲስ ስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም የብርሃን መተንተኛ መሣሪያ፣ መስተዋቱ 1.93 ሜትር ከሆነ ቴሌስኮፕ ጋር አያይዘው 142 ከዋክብትን መከታተል ያዙ። የመሣሪያው ዋና ጥቅም ፍጥነቱን ኮምፒዩተሩ እዚያው በምልከታው ሌሊት አስልቶ ማውጣቱ ነበር። ከ1994 መገባደጃ ጀምሮ 51 ፔጋሲ እንግዳ ጠባይ አሳየ፤ ፍጥነቱ ከሌሊት ወደ ሌሊት ይለዋወጥ ነበር። ኬሎ መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያውን ነበር። ልኬቶቹ ግን በ4.23 ቀን ዑደት ላይ በትክክል አረፉ። ኮከቡ ከፀሐይ ጀርባ ገብቶ ለወራት ከእይታ ስለተሰወረ፣ ሁለቱ ሰዎች እስከ ሐምሌ 1995 ጠብቀው፣ ኮከቡ ሲመለስ በየትኛው ሌሊት ምን ፍጥነት ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድመው አስልተው አመሩ። ያሰሉት ሆኖ ተገኘ። በጥቅምት ወር ፍሎረንስ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ግኝታቸውን ይፋ አደረጉ። በ2019 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ግማሽ ለሁለቱ የተሰጠው በዚህ ሥራ ነው፤ ሌላውን ግማሽ በሥነ ጠፈር ንድፈ ሐሳብ ጄምስ ፒብልስ ወስደዋል።

በካሊፎርኒያ ጄፍሪ ማርሲና ፖል በትለር ከ1987 ጀምሮ መረጃ ሲያከማቹ ቆይተው ነበር። ወሬውን እንደሰሙ ቴሌስኮፓቸውን ወደ 51 ፔጋሲ አዙረው በቀናት ውስጥ ውጤቱን አረጋገጡ። ከዚያም ወደተከማቸው መረጃቸው ተመለሱ። ፕላኔቶቹ በማኅደራቸው ውስጥ ነበሩ! በጥር 1996 ሁለት ፕላኔቶችን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ሞቃት ጁፒተሮችን ጨምረው አሳወቁ። የአሥር ዓመት ዑደት ለሚጠብቅ ሰው የስምንት ዓመት መረጃ ገና ያልበሰለ እሸት ነው፤ የአራት ቀን ዑደትን ለሚፈልግ ግን የተትረፈረፈ ጎተራ ነው። በእኛ ግምት ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ተማሪ ሊያሰላስለው የሚገባው ነው።

ግኝቱ ያለ ሙግት አልጸደቀም። በ1997 ካናዳዊው ዴቪድ ግሬይ የብርሃኑ መስመሮች ቅርጻቸው እንደሚለዋወጥ ለክተው፣ የሚወዛወዘው የኮከቡ ገጽ እንጂ ኮከቡ አይደለም፤ ስለዚህ ፕላኔት የለም ሲሉ ጻፉ። በዓመቱ የተሻለ ልኬት አካሂደው የቅርጹን ለውጥ ማግኘት እንዳልቻሉ ራሳቸው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥርጣሬ የተወገደው በጥላ ነው፤ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ጥቂት ስሌት እንሥራ።

ሙቀቷን በእርሳስና በወረቀት

የዚህች ፕላኔት ሙቀት በቴርሞሜትር አልተለካም። ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ይበቃናል። ፀሐይን ለሚመስል ኮከብ፣ የዙሩ ጊዜ በዓመት ተለክቶ ካሬው ሲወጣ፣ በምድርና በፀሐይ መካከል ባለው ርቀት ከተለካው ርቀት ኪዩብ ጋር እኩል እንደሆነ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ይነግረናል። 4.23 ቀን 0.0116 ዓመት ነው፤ ካሬው 0.000134 ይሆናል፤ የዚህም ኪዩብ ሩት 0.051 ነው። ምድር ከፀሐይ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ፕላኔቷ ከኮከቧ የምትርቀው ከ7.7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አይበልጥም ማለት ነው። ሜርኩሪ እንኳ ከፀሐይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚሳሳ፣ ወደ 20 እጥፍ የቀረበች ፕላኔት የምትቀበለው ብርሃን 380 እጥፍ ያህል ይሆናል። አንድ አካል የሚያመነጨው ጨረር ደግሞ ከፍጹማዊ ሙቀቱ አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚመጣጠን የስቴፋንና የቦልትዝማን ሕግ ያስተምረናል። ስለዚህ የ380ን አራተኛ ሩት እንውሰድ፤ 4.4 ነው። ከባቢ አየር ባይኖራትና ብርሃንን ሁሉ ብትውጥ ምድር የሚኖራት ሙቀት 279 ኬልቪን ነው። ይህንን በ4.4 ስናባዛ 1230 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከ950 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እናገኛለን። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። 51 ፔጋሲ ከፀሐይ ጥቂት ስለሚደምቅ እውነተኛው ሙቀት ከዚህ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። አንባቢ ይህንኑ ስሌት ለሌሎቹ ፕላኔቶች ቢሞክረው ከታተሙት ቁጥሮች ብዙም እንደማይርቅ እናረጋግጥለታለን።

ጥላ የሰጠው ምስክርነት

ስትሩቭ የጠቆሙት ሁለተኛው ዘዴ ግርዶሽ ነው። የፕላኔቷ ምሕዋር በአጋጣሚ ከእይታ መስመራችን ጋር የተስተካከለ ከሆነ፣ በየዙሯ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ትከልለዋለች። ለሞቃት ጁፒተር ይህ የመሆን ዕድል ከአሥር አንድ ያህል ነው፤ ለእውነተኛዋ ጁፒተር ግን ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

በመስከረም 1999 የሃርቫርድ ተማሪ የነበሩት ዴቪድ ሻርቦኖ ከቲሞቲ ብራውን ጋር በመሆን ኤችዲ 209458 የተባለውን ኮከብ በኮሎራዶ ሲከታተሉ የኮከቡ ብርሃን 1.5 ከመቶ ያህል ቀንሶ ከሰዓታት በኋላ ተመለሰ። ግሬግ ሄንሪና ባልደረቦቻቸውም ያንኑ ግርዶሽ በተናጠል አገኙ። የሻርቦኖ ቴሌስኮፕ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር! የበርበሬ ሳህን ከሚያህል መስተዋት ባልበለጠ መሣሪያ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጪ ያለች ፕላኔት ጥላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለካ። ጥላው የመጣው ከፍጥነት ልኬቱ በተጠበቀበት ሰዓት ስለሆነ ክርክሩ ተዘጋ።

ጥላ ስፋትን ይነግረናል፤ የኮከቡ ውዝዋዜ ደግሞ ቁስ አካልን። ሁለቱን ስናጣምር እፍጋት ይገኛል። የዚህች ፕላኔት ቁስ አካል የጁፒተርን 0.7 ያህል ሲሆን ስፋቷ ግን ከጁፒተር በሦስተኛ ይበልጣል። እፍጋቷ ከውኃ ሲሶ ብዙም አይርቅም፤ እንደ ቀላል እንጨት ናት። ስለ ግዙፍ ፕላኔቶች የነበረው ንድፈ ሐሳብ ይህን ያህል ያበጠች ፕላኔት አይጠብቅም ነበር። ከእርሷ ወዲህ የተገኙት ብዙዎቹም ያበጡ ናቸው፤ ከኮከባቸው የሚቀበሉት ኃይል በበዛ ቁጥርም እብጠታቸው ይበዛል። ውጫዊው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በ2010 የቀረበ አንድ ሐሳብ እንደሚለው በሙቀቱ ኤሌክትሮናቸውን ያጡት እነ ሶዲየምና ፖታሲየም በነፋስ ተገፍተው የፕላኔቷን መግነጢሳዊ መስክ ሲያቋርጡ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ይህም እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ የፕላኔቷን ሆድ ያሞቃል። ሌሎች ሐሳቦችም አሉ።

በግርዶሹ ጊዜ ጥቂት የኮከብ ብርሃን በፕላኔቷ የአየር ጠርዝ በኩል አልፎ ወደ እኛ ይደርሳል፤ በዚያም አየር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አሻራውን ያሳርፍበታል። ሻርቦኖና ባልደረቦቻቸው በሀብል ቴሌስኮፕ በዚህችው ፕላኔት ላይ ሶዲየም ማግኘታቸውን በ2001 አስታወቁ። በሌላ ኮከብ ፕላኔት ላይ አየር ሲለካ የመጀመሪያው ነበር። በ2003 ደግሞ ሃይድሮጂኗ እየተነነ ወደ ጠፈር እንደሚያመልጥ ታወቀ።

ሌሊት የማይነጋበት፣ ቀን የማይመሽበት

ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ለምድር እንደምታሳይ ሁሉ ሞቃት ጁፒተሮችም በኮከባቸው ማዕበላዊ ጉተታ ምክንያት አንድ ፊታቸው ብቻ ወደ ኮከቡ ዞሮ እንደሚኖር ይታመናል። ግማሻቸው ዘለዓለም ቀን፣ ግማሻቸው ዘለዓለም ሌሊት ነው። ይህን የሚያህል የሙቀት ልዩነት ባለበት ነፋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በ2007 ኤችዲ 189733 ቢ የተባለችው ፕላኔት በስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ ግማሽ ዙሯን ያህል ያለማቋረጥ ስትታይ፣ ከእርሷ የሚመጣው የሙቀት ጨረር እየጨመረና እየቀነሰ የገጿን የሙቀት ካርታ አስነበበ። ከሁሉ የሞቀው ቦታ ኮከቡ በቀጥታ ከአናት የሚወጣበት ሳይሆን ከእርሱ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለ ነበር። ከድምፅ የፈጠነ ነፋስ ሙቀቱን እየገፋ ይወስደዋል ማለት ነው። በ2024 የታተመው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ምልከታ ደግሞ ዋስፕ 43 ቢ በተባለችው ፕላኔት ላይ የቀኑ ገጽ 1250፣ የሌሊቱ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሆነ አሳየ። በዚህ ሙቀት በሌሊቱ ገጽ ሜቴን ሊፈጠር ይጠበቅ ነበር፤ አልተገኘም። ነፋሱ ጋዙን ከቀን ወደ ሌሊት ጠራርጎ ስለሚያሳልፈው ኬሚካዊው ለውጥ ለመካሄድ ፋታ አያገኝም።

ዋስፕ 76 ቢ በ2020 ብዙ ተወርቶላታል። በቀኑ ገጿ ሙቀቱ ከ2400 ዲግሪ ይበልጣል፤ ብረት በአየሩ ውስጥ እንደ ተን ይገኛል። ቺሊ በሚገኘው በአውሮፓ ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተደረገው ልኬት ቀን ወደ ሌሊት በሚሻገርበት ጠርዝ ላይ የብረት ተን ሲያሳይ፣ ሌሊት ወደ ቀን በሚሻገርበት ጠርዝ ላይ ግን አላሳየም። ስለዚህ ብረቱ በሌሊቱ ገጽ ቀዝቅዞ እንደ ዝናብ ወርዷል ተባለ። ጋዜጦች ወዲያው «ብረት የሚዘንብባት ዓለም» አሏት። ልኬቱ አስተማማኝ ነው፤ ዝናቡ ግን ትርጓሜ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች የሁለቱ ጠርዞች የሙቀት ልዩነት ወይም ደመና ያንኑ ምልክት ሊሰጥ እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። አንባቢ እንዲህ ያለ አርእስተ ዜና ሲያጋጥመው ልኬቱንና ትርጓሜውን ለይቶ ቢያነብ አይጎዳም።

በሙቀት ከሁሉ የላቀችው በ2017 የተዋወቅናት ኬልት 9 ቢ ናት። የቀኑ ገጿ 4600 ኬልቪን ያህል ይደርሳል፤ ይህም ከብዙ ቀያይ ትንንሽ ከዋክብት ገጽ ይበልጣል፤ ከፀሐይ ገጽ የሚያንሰውም 1200 ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሙቀት የሃይድሮጂን ሞለኪውል እንኳ ተበጥሶ ወደ አቶም ይለያል፤ ነፋስ ወደ ሌሊቱ ገጽ ሲያሻግረው እንደገና ተጣምሮ ሙቀት ይለቃል። በ2018 በአየሯ ውስጥ የብረትና የቲታኒየም ተን ተገኝቷል።

እንዴት እዚያ ደረሱ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ግዙፍ ፕላኔት ለኮከቡ በዚህን ያህል ቅርበት ሊፈጠር የማይችል ከሆነ፣ ከሩቅ ተነሥቶ መጥቷል ማለት ነው። የሚገርመው ለዚህ የሚሆነው ስሌት አስቀድሞ መኖሩ ነው። ፒተር ጎልድራይክና ስኮት ትሬሜን በ1980 እንዳሳዩት፣ በጋዝ ምጣድ ውስጥ የምትዞር ፕላኔት በጋዙ ላይ ጥምዝ ሞገዶችን ትፈጥራለች፤ ሞገዶቹም በተራቸው አንጉላር ሞመንተሟን ስለሚቀሟት ምሕዋሯ ይጠብባል። እንደ ስትሩቭ ጽሑፍ ሁሉ ይህም ከግኝቱ በፊት ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ነበር። በ1996 እነ ዳግላስ ሊን በ51 ፔጋሲ ላይ ሠሩበት።

ሁለተኛው መንገድ ሁከት የበዛበት ነው። ግዙፋን ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው በስበት ሲገፋፉ፣ ወይም ጎረቤት ኮከብ ሲያውካቸው፣ አንዷ እጅግ ወደ ሞላላ ምሕዋር ልትጣል ትችላለች። በየዙሯ ለኮከቧ ስትቀርብ ማዕበላዊው ጉተታ እየለጠጠ ሰውነቷን ያሞቃል፤ ያ ሙቀት የሚወጣው ከምሕዋሯ ኃይል ስለሆነ ሞላላው ቀስ በቀስ ጠቦ ወደ ትንሽ ክብ ይለወጣል። ለዚህ አስረጅ የምትሆነው ኤችዲ 80606 ቢ ናት። በ111 ቀን አንድ ዙር ስትጨርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ብላ ቆይታ በድንገት ወደ ኮከቧ ትወረወራለች። በ2009 የታተመ ምልከታ እንዳመለከተው በስድስት ሰዓት ውስጥ ሙቀቷ ከ800 ወደ 1500 ኬልቪን አሻቅቧል። ጉዞዋን ገና ያልጨረሰች መንገደኛ ትመስላለች።

ምሕዋሩ ሞላላ የሆነ ግዙፍ ፕላኔት ስናነሣ አገራችን ስም ያወጣችላትን መጥቀስ ይገባናል። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንዲት ፕላኔት እንዲሰየሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተብለው ተሰይመዋል። አቦል በስሟ እንደሚገመተው ትኩስ አይደለችም! ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ፣ በ990 ቀናት ገደማ የምትዞር ጋዛማ ግዙፍ ናት። ምሕዋሯ ግን በጣም ሞላላ ከመሆኑ የተነሣ ከኮከቧ የሚለያት ርቀት ከዙሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው አራት እጥፍ ያህል ይለዋወጣል። ይህም ያለፈ ሁከት ምልክት ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ማዕበላዊ ጉተታ በርቀት እጅግ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ አቦል በቀረበችበት ሰዓት እንኳ ኮከቧ ስቦ የሚያስቀራት አይደለችም።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይበልጥ ተሠርቶበታል? ሁለቱንም የሚደግፍ ማስረጃ አለ። በ2009 ይፋ የተደረገችው ዋስፕ 17 ቢ ኮከቡ በራሱ ላይ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒው ትዞራለች። በጋዝ ምጣድ ውስጥ በጸጥታ የተንሸራተተች ፕላኔት እንዲህ ትሆናለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ሞቃት ጁፒተሮች አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያቸው ሌላ ፕላኔት አለመኖሩም በሁከት መንገድ ጠራርገው እንደመጡ ያስጠረጥራል። በሌላ በኩል በ2015 በዋስፕ 47 ዙሪያ ከሞቃት ጁፒተሯ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፕላኔቶች ተገኝተዋል፤ እዚያ ቤት ሁከት አልገባም። ሁለቱም መንገዶች እንደሚሠሩ፣ ድርሻቸው ግን ገና እንዳልተመዘነ እኛም እናምናለን። ዛሬ ተስፋ የተጣለው በአየራቸው ላይ ነው። በ2022 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዋስፕ 39 ቢ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ እንዲሁም የኮከቡ ብርሃን ሞለኪውሎችን ሰባብሮ የፈጠረውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በግልጽ አሳይቷል። በምጣዱ የተለያየ ክፍል የካርቦንና የኦክስጅን መጠን ስለሚለያይ፣ የፕላኔቷ አየር የተወለደችበትን አገር ሊጠቁም ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንል ማለፍ አይገባም። ሞቃት ጁፒተሮች ቀድመው በመገኘታቸው ለጥቂት ዓመታት ሰማይ በእነርሱ የተሞላ መስሎ ነበር። አልነበረም። ሁለቱም ዘዴዎች ትልቁንና ቅርቡን አስቀርተው ሌላውን እንደሚያሳልፉ ወንፊት ናቸው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን አይቶ የእህሉን ዓይነት መፍረድ አይቻልም። ወንፊቱ እየጠበበ ሲሄድ በብዛት የተገኙት ከምድር ጥቂት የሚተልቁና ከኔፕቱን የሚያንሱ ዓለማት ሆኑ።

ጉዞው በክብ ምሕዋር ላይ ሁልጊዜ አይቆምም። ዋስፕ 12 ቢ ኮከቧን በ26 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ የምትዞር ናት። በኮከቡ ላይ የምታነሣው ማዕበል ኃይሏን ስለሚያሟጥጥ የዙሯ ጊዜ በየዓመቱ በ0.03 ሴኮንድ ያህል እያጠረ መሆኑ በ2020 ተረጋግጧል። በዚህ አካሄድ 3 ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ኮከቧ ትወድቃለች፤ ለኮከብ ዕድሜ ይህ አጭር ነው። ከሦስት መቶኛ ሴኮንድ የማይበልጥ ለውጥ እንዴት ሊለካ ቻለ ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ መደመር ነው። በዓመት 335 ያህል ዙር አለ፤ እያንዳንዱም ዙር ከቀደመው በጥቂቱ ስለሚያጥር ጥቂቱ በጥቂት ላይ ይከመራል። ስሌቱን የሠራ ሰው እንደሚያገኘው፣ የዙሯ ጊዜ ባይለወጥ ኖሮ ሊሆን ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ10 ዓመት በኋላ ግርዶሹ 8 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣል። ስምንት ደቂቃን ለመለየት ደግሞ አንድ መለስተኛ ቴሌስኮፕ፣ ካሜራና በትክክል የተሞላ ሰዓት ይበቃሉ።